ሰባተኛ "ለ"ን የበተንኩበት ስም ጥሪ

ድምፄ ጥሩ ነው። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ የጥፋቱ ሁሉ መነሻ እሱ ስለሆነ ነው። ሰርግ ላይ ማይክ የሚሰጠው ለእኔ ነው። የወላጆች ቀን መድረክ የምመራው እኔ ነኝ። ጧት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ "ተጠንቀቅ" ስል፣ ከአጥር ውጭ የሚያልፍ አህያ ሳይቀር ይቆማል ይባላል። አህያው መቆም አለመቆሙን ወጥቼ አላየሁም። ሳላይ ግን ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ። ሚስቴ "እግዜር ጉሮሮ ሲሰጥህ አብሮ ልክ ቢሰጥህ ምን ነበረበት?" ትለኛለች። የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፣ ንግግሯ አጭር ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ በመምህርነት መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ። ሲቀላ በሚባለው የከተማው ክፍል ባለ አንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የሰባተኛ "ለ" የክፍል ኃላፊም ነኝ። ነበርኩ ልበል ይሆን? እሱን ስጨርስ ራሳችሁ ፍረዱ።

ኮሮና የገባ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ርዕሰ መምህራችን ወይዘሮ አስቴር ግቢ ውስጥ ሰበሰበችን። ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀን ቆመን ስናዳምጣት ሰብል የምንጠብቅ እንጂ መምህራን አንመስልም ነበር። ወይዘሮ አስቴር ድምፅ ከፍ አድርጋ አታውቅም። "ትምህርቱ በሬዲዮም ይሰጥ፣ በስልክም ይሰጥ፣ እሱ የበላይ ጉዳይ ነው። የእናንተ ሥራ ልጆቹ እንዳይጠፉ ነው። ልጅ ሦስት ወር ከትምህርት ከራቀ እጁ ሥራ ይለምዳል። ሥራ ለለመደ እጅ ደግሞ እስክሪብቶ ይከብደዋል። ጫኖ ማሳ ላይ ያለው ማሳው ላይ ይቀራል፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር ያለው ከጀልባ አይወርድም። እያንዳንድሽ ክፍልሽን ያዢ" አለች። ሴት መምህራን ስለሚበዙ ሁላችንንም በሴት ነው የምታዘን፤ ለምደነዋል።

እኔም ክፍሌን ልይዝ ቴሌግራም ከፈትኩ። ስሙን "7ለ በአንድነት" አልኩት። ስልሳ ሁለት ተማሪ አለኝ፤ በሳምንቱ አሥራ አራት ሰው ገባ። ከአሥራ አራቱ ሰባቱ ወላጆች ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ የማን ወላጅ እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስለ ሕዋስ አጠር ያለ ማስታወሻ ጽፌ፣ ሥዕል ስዬ፣ በድምፄም አስረድቼ ላክሁ። የመጀመሪያው መልስ "ቲቸር የሙዝ ችግኝ የሚፈልግ ካለ እኔ ጋ አለ" የሚል ነበር። ከዚያ የማንጎ ፎቶ መጣ። ከዚያ አንድ ሰው የጠፋች ፍየሉን ፎቶ ለጠፈ፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አላት። ፍየሏ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተገኘች። ሕዋስ ግን እስከ ዛሬ ፈላጊ አላገኘም።

ወይዘሮ አስቴር ሪፖርቴን አነበበች። "ከስልሳ ሁለት አሥራ አራት" አለች።

"አዎ።"

"ሰባቱ ወላጅ።"

"አዎ።"

"አንዷ ፍየል።"

"ፍየሏ እንኳን አልተቆጠረችም" አልኳት።

ሪፖርቱን መለሰችልኝ። ያኔ ነው ጉሮሮዬ ትዝ ያለኝ።

"ወይዘሮ አስቴር፣ ስልክ የሌለው ጆሮ አለው። የትምህርት ቤቱን ሜጋፎን ስጪኝ። በባጃጅ ሰፈር ለሰፈር እየዞርኩ ስም እጠራለሁ። ልጆቹ በየደጃቸው ወጥተው ወርክሺት ይቀበላሉ፤ ማን የት እንዳለም አውቃለሁ። በአንድ ቀን ክፍሉን በሙሉ አገኘዋለሁ።"

ሳስበው አሁንም ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። መጥፎው ሐሳቡን ያሰበው ሰው ነው።

ባጃጅ ያለው ቶማስ የሚባል ሰው ነው፤ ልጁ ምሕረት እኔ ክፍል ናት፣ ከአንደኛ ወርዳ አታውቅም። ቶማስ ነገሩን ስነግረው "ለልጆቹ ከሆነ ነዳጁን እኔ እችላለሁ" አለኝ። እኔም በበኩሌ ተዘጋጀሁ። ለክብር ብዬ በጠመኔ ስጽፍ የምለብሰውን ነጭ ጋውን አስተኮስኩ። ለጥንቃቄ ዓይኔ ሥር ድረስ የሚሸፍን ማስክ አደረግሁ። ሚስቴ ከሥራ ቦታዋ ያመጣችውን የላስቲክ ጓንት አጠለቅሁ። የስም ዝርዝሩን በክላሰር ያዝኩ። መስታወት ፊት ስቆም ራሴን ወደድኩት። ሚስቴ ከኋላዬ አየችኝና "ሰው ልትቀብር ነው?" አለች። ቅናት መሰለኝ።

የማነበውንም ጽፌ ነበር። እንዳለ ልጥቀሰው፤ ኃጢአት ሲናዘዙት ይቀላል ይባላል። "ትኩረት፣ ትኩረት። ከዚህ ቀጥሎ ስማችሁ የሚጠራ ልጆች ከያላችሁበት ቤት ወጥታችሁ በአስቸኳይ ወደ ባጃጁ እንድትቀርቡ። እርስ በርሳችሁ እንዳትነካኩ። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን አትደብቁን።" የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር የጻፍኩት ልጆቻቸውን ለሥራ ብለው ከትምህርት ለሚያስቀሩ ወላጆች ነው። ከየት እንደመጣሁ፣ ምን እንደምፈልግ ደግሞ ከስሞቹ በኋላ አስቀመጥኩት። ጥሩ ተናጋሪ ዋናውን ለመጨረሻ ያቆያል ብዬ።

ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ከገበያው ጀርባ ካለው ሰፈር ጀመርን። ሜጋፎኑን በባጃጁ ጎን አውጥቼ ድምፄን ከሆዴ አመጣሁት። እውነት ለመናገር እኔን ራሴን ነዘረኝ፤ እንደዚያ አምሮልኝ አያውቅም። ልብስ ታሰጣ የነበረች ሴት እርጥቡን ልብስ እንዳለ ጥላ፣ ሁለት ልጆች በሁለት ብብቷ አቅፋ ገባች። ባለሱቁ መዝጊያውን አወረደ። መንገዱ ጸጥ አለ።

"ሕዝባችን ሥርዓት ያውቃል" አልኩት ቶማስን።

"ቲቸር፣ በር እየዘጉ ነው እኮ።"

"ርቀት እየጠበቁ ነው።"

የመጀመሪያውን ስም ጠራሁ። "አብርሃም ኤልያስ።" መልስ የለም። ደግሜ ጠራሁት። አንድ ሰው በአጥር ላይ አንገቱን አወጣ።

"አብርሃም የለም" አለ።

"የት ሄደ?"

"ጨንቻ።"

ጨንቻ ደጋው ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የብዙ ሰው ዘመድ እዚያ ነው። የሚገርም ነገር አልነበረውም። "መቼ ሄደ?" አልኩት በሜጋፎኑ።

ሰውየው ትንሽ አሰበ። "አሁን" አለ፤ አንገቱም ገባ።

ሰላማዊትን ጠራሁ፤ ጨንቻ ናት ተባልኩ። ዳንኤልን ጠራሁ፤ ጨንቻ። በረከትን ስጠራ ከተዘጋው በር ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ "እኔም ጨንቻ ነኝ" አለኝ። ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ እያልኩ ምልክት አደረግሁ። ያን ጊዜ ትንሽ አእምሮ ያለው ሰው ቆም ይል ነበር። እኔ የደመደምኩት ድምፁ አልደረሳቸውም ብዬ ነው። ስለዚህ ጨመርኩበት።

በቶማስ ቤት ጀርባ ስናልፍም አልቆምንም፤ "የምሕረትን እኔ ራሴ አደርስላታለሁ" ብሎኝ ነበርና። ግን ዝርዝር ዝርዝር ነው፣ "ምሕረት ቶማስ" ብዬ ጠራሁ። ቶማስ መሪውን እንደያዘ ፈገግ አለ። የልጅን ስም በሜጋፎን መስማት ለአባት ደስ ይላል። እናቷ ከአጥሩ ወዲያ ምን እንደተሰማት ሁለታችንም አላሰብንም።

ሲቀላን በዚህ ሁኔታ ጨርሰን ወደ ጫኖ ወጣን። ጫኖ በመስኖ የሚለማ የሙዝና የማንጎ አገር ነው፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሙዝ እንጂ ሰው ቶሎ አይታይም። ባጃጁን ጥላ ላይ አስቁመን ጥሪዬን አሰማሁ። የሙዙ ቅጠል ከዳር እስከ ዳር ሲንኮሻኮሽ አየሁ። ነፋስ አልነበረም።

"ቲቸር፣ እየሮጡ ነው" አለ ቶማስ።

"ወደ እኛ?"

"ወደዚያ።"

ጥሪዬን ቀጠልኩ። "ትዕግሥት ታደሰ" ብዬ ሁለተኛ ስጠራ አንዲት ሴት ከሙዙ መሃል ወጣች። በአንድ እጇ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ በአንድ እጇ ፌስታል ይዛለች። አሥር እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች፤ ብርድ ልብሱን እግሯ ሥር አስቀመጠች።

"እኔን ውሰዱኝ" አለች።

"የት?" አልኳት።

"የምትወስዱበት። ትዕግሥት አልሳለም። ልጄ ጤነኛ ነው። የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ጧት ሁለት ጊዜ፣ ጎረቤት ሰምቷል። የእሱን ስም ሰርዙት፣ የእኔን ጻፉ። አልማዝ ዳና።"

ሴት ልጇን በወንድ አንቀጽ ነበር የምትጠራት፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፣ ሰዓቱም ሰዋስው የሚታሰብበት አልነበረም። ፌስታሉ ስስ ስለሆነ ውስጡ ይታያል። ሳሙና፣ ነጠላ ጫማና አራት ሙዝ ነበር። አልጋ ይዛ ልትታመምልኝ፣ በልጇ ፈንታ ልትሄድ፣ ተዘጋጅታ መጥታለች።

ያኔ ነው ራሴን ያየሁት። ነጭ ጋውን። ማስክ። ጓንት። የስም ዝርዝር። "እንዳትነካኩ።" "አትደብቁን።" ጠዋት ሙሉ ለይቶ ማቆያ የሚያስገባ የጤና ጓድ መስዬ፣ ስልሳ ሁለት ልጅ በስም እየጠራሁ፣ ከተማውን ዞሬያለሁ። ሜጋፎኑን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ማስኬን አወረድኩ፤ ጓንቱን አወለቅሁ፤ የጋውኑን ቁልፍ ፈታሁ።

"ወይዘሮ አልማዝ፣ እኔ ነኝ። የትዕግሥት አስተማሪ። የባዮሎጂ።"

አንገቷን አስግጋ አየችኝ። "ቲቸር ነህ?"

"ነኝ።"

"ትዕግሥት ምን አጠፋ?"

"ምንም አላጠፋችም። የቤት ሥራ ልሰጣት ነው።"

ብርድ ልብሱ ላይ ተቀመጠች። በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ታልቅስ ትሳቅ ላውቅ አልቻልኩም፤ ምናልባት እሷም አላወቀችም። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ ቀስ ብላ፣ "የልጅ ስም እንደዚህ ባለ ነገር ሲጠራ እናት ልቧ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?" አለችኝ። ወርክሺቱን ዘረጋሁላት። ከእጄ ሳትወስደው መሬት ላይ እንዳስቀምጠው በአገጯ አሳየችኝ።

ቶማስ ባጃጁን ወደ ቤቱ መለሰ። ቤቱ ስንደርስ ሚስቱ በር ላይ ቆማ አገኘናት፤ ዓይኗ አብጧል።

"ምሕረትስ?" አላት።

"ጨንቻ" አለች።

ሁለታችንም ለመሳቅ ተዘጋጅተን ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። የልጇን ስም ሰምታ፣ ወዲያው ለገበያ ጭነት በሚወጣ አይሱዙ ላይ አሳፍራ፣ ጨንቻ ወደምትኖረው የራሷ እናት ልካታለች። ቶማስ ሜጋፎኑን ከባጃጁ አወጣና በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ እግሬ ሥር አስቀምጦልኝ ገባ። ሦስት ሳምንት አላናገረኝም።

ወሬ በሰላም ጊዜም በእግሩ አይሄድም። ማግስቱን የሰባተኛ "ለ" ተማሪዎች በሙሉ ተይዘዋል ተባለ። ቀትር ላይ የስምንተኛ ክፍልም ተጨመረ። የጤና ባለሙያዎች የታመሙትን ዝርዝር ፍለጋ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ። ከሰዓት በኋላ የክፍሉ አስተማሪም አርፏል ተባለና ሚስቴ ገበያ መሃል "እግዜር ያጽናሽ" ተባለች። እኔ በዚያ ሰዓት ቤት ተቀምጬ ጎመን እየከተፍኩ ነበር። ገብታ አየችኝ፤ ዘንቢሏን አስቀመጠች። "ሞተሃል ብለውኛል። ጎመኑን አድቅቀው" አለችኝ።

ወይዘሮ አስቴር ጠራችኝ። እንደ ልማዷ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ሰብስባቸው ብዬ ነው የላክሁህ" አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በወንድ አንቀጽ ተናገረችኝ፤ ያኔ ነው የነገሩ ክብደት የገባኝ። "በሜጋፎን ላስተባብል እችላለሁ" አልኳት። ሜጋፎኑን ከእጄ ተቀብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በእግሬ፣ በሸሚዝ፣ ቤት ለቤት ይቅርታ ልጠይቅ ወጣሁ። በር የከፈተልኝ የለም። ችግሩ ጋውኑ አልነበረም፤ ድምፄ ነው። "እንደምን አደራችሁ" ስል ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰወራል። ከተማው ሁሉ ድምፄን ለይቶታል። ዕድሜ ልኬን የተመኘሁት ዝና ማለት ነው። አንዱ ግቢ ውስጥ ውሻው እንኳን መጮህ ጀምሮ፣ ድምፄን ሲሰማ ትቶ ከቆርቆሮው ሥር ገባ። ይኼኛውን አጣርቻለሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላ የሚያናግረኝ ሰው ስላልነበረኝ ወደ ወይዘሮ አልማዝ ሄድኩ። ሲቀላ ገበያ ማንጎና ሙዝ ትሸጣለች። ራቅ ብዬ ቆሜ ነገሩን ነገርኳት። ልጆቹ አሁን ከቤት ሥራ ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱም እንደሸሹ፣ በዚህ ከቀጠለ ሲከፈትም እንደማይመጡ አስረዳኋት። ማንጎ እየደረደረች ሰማችኝ።

"ወረቀቱን ለእኔ ስጠኝ" አለች። "እናቶቹ በሙሉ እዚህ ይመጣሉ። ሙዝ የማይሸጥ ይገዛል።"

"እኔስ ምን ልሥራ?"

"እዚያ ተቀመጥ።" የተገለበጠ ሳጥን አሳየችኝ። "እንዲያዩህ። አትናገር።"

ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋ እናት መጣች፤ አይታኝ ወደ ኋላ አለች። ወይዘሮ አልማዝ በጋሞኛ ታሪኩን ነገረቻት። ግማሹን እረዳለሁ። ብርድ ልብሱ ጋ ስትደርስ ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ሳሙናው ጋ ስትደርስ ሆዷን ያዘች፤ "የቤት ሥራ ልሰጣት ነው" የሚለውን በእኔ ድምፅ፣ አንገቷን እንደ አውራ ዶሮ ቀጥ አድርጋ ስትለው፣ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አምሳያዬ ነበር። እንደዚያ ነው እንዴ የምናገረው? ሴትዮዋ ዕንባዋን ጠርጋ ወርክሺቱን ከማንጎው ጋር ወሰደች። የማን ልጅ የት እንዳለም ተናግራ ሄደች፤ ወይዘሮ አልማዝ ወደ እኔ ዞራ "ዳንኤል፣ አክስቱ ቤት፣ ጻፍ" አለችኝ። ጻፍኩ።

ታሪኩ በቀን አሥር ጊዜ ተነገረ። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ በሁለተኛው ሳምንት እኔ ብርድ ልብሱን ለመውሰድ የታገልኩ ሆኜ ነበር። አላስተባበልኩም፤ እንድናገር አልተፈቀደልኝማ። አንድ ቀን ላግዛት ብዬ "ማንጎ፣ ጣፋጭ ማንጎ" ብል ሁለት ገዢ ዘንቢሉን ጥሎ ሸሸ። ወይዘሮ አልማዝ አንዴ አየችኝ። ከዚያ በኋላ አልደገምኩም። ወረቀቶቹ ግን መመለስ ጀመሩ። የሙዝ እድፍ ነበራቸው፣ የዓሣ ሽታ ነበራቸው፣ አንዱ ላይ የፍየል ጥርስ ምልክት ነበር። ግን መልስ ነበራቸው። ቴሌግራም በወር ያልነገረኝን እሷ በአንድ የገበያ ጧት ነገረችኝ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ከስልሳ ሁለቱ ኀምሳ ሦስቱን አወቅናቸው።

ዘጠኙ ግን እውነትም ጨንቻ ነበሩ። ወላጆቻቸው "ውሸት ነው፣ ውረዱ" ብለው መልእክተኛ ልከውባቸዋል፤ አልወረዱም። የምሕረት አያት ደግሞ መልእክተኛውን "ስሟን የጠራው ሰውዬ ራሱ ይምጣ" ብላ መልሳዋለች።

ቶማስ ደጄ ድረስ መጣ። "ቲቸር" አለኝ፤ የሦስት ሳምንቱ የመጀመሪያ ቃል ነው። "ነገ እንወጣለን።"

ባጃጅ ያንን አቀበት ስለማይደፍር በሚኒባስ ወጣን። ጋውን ከለበስኩ ዳግም የሚያምነኝ እንደማይኖር ስለገባኝ በስስ ሸሚዝ ሄጄ፣ የጨንቻ ብርድ እንደ ዕዳ ሰብሳቢ ያዘኝ። የአያቷ ግቢ በቀርከሃ የታጠረ ነው፤ ጀርባው እንሰት ነው። ስንገባ አጥሩ ጥግ ዘጠኝ ልጆች ሳር ላይ፣ በመካከላቸው ሁለት ሁለት ክንድ ትተው ተቀምጠዋል። ስምንቱ ተቀምጠዋል ማለቴ ነው። ምሕረት ቆማለች። ግድግዳው ላይ በከሰል የሰው ሆድ ሥላለች።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ኖሯል። ምሕረት ምንጭ ወርዳ አብርሃምን አገኘችው። ሁለቱም ስማቸው ሲጠራ ስለሰሙ፣ እሷ እሱ ታሟል ብላ፣ እሱ እሷ ታማለች ብሎ፣ በአንድ ዛፍ ሁለት ጎን ተሸሽገው ቆዩ። ሁለቱም እንደማይስሉ ሲያረጋግጡ ተሳሳቁ። ከዚያ ሌሎቹን ፈላልገው ሰበሰቡ። አያቷ ግቢውን ሰጠች። ምሕረት ደብተሯ ላይ የስም ዝርዝር አዘጋጅታ በየቀኑ ትጠራለች። ቶማስ ደብተሩን ተቀብሎ አየውና ሳይናገር ለእኔ ሰጠኝ። ከዘጠኙ ስም በታች አሥረኛ መስመር አለ። "ቲቸር" ይላል። ከፊቱ ለአሥራ አምስት ቀን፣ በሥርዓት፣ ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ።

"ታዲያ ውሸት መሆኑን ስታውቁ ለምን አልወረዳችሁም?" አልኳት። ድምፄ ሳልፈልግ ቀጠነ።

"ሥርዓተ ልመትን አልጨረስንም" አለች። "ከወረድን አብርሃም ጀልባ ላይ ነው፤ ሰላማዊት ሱቅ ትጠብቃለች። እዚህ እንግዳ ናችሁ ተብለን ሥራ አያዙንም። ምዕራፉን ስንጨርስ እንወርዳለን።" ከዚያ እንደ መምህር፣ ትሕትና ባለው ግን በማያወላውል ድምፅ፣ "ቲቸር፣ እዚያ ይቀመጡ" አለችኝ።

አባቷ ቀድሞኝ ተቀምጧል። እኔም እርጥብ ሳር ላይ ተቀመጥኩ። አያቷ በረንዳው ላይ ጥጥ እየፈተለች በጎን ታየኛለች፤ መምጣቴን የተቀበለችው ይመስላል፣ ሰላምታዬን ግን አልመለሰችም።

ምሕረት በጋሞኛም በአማርኛም እያደባለቀች ቀጠለች። ጉሮሮ ደህና ነበር። ጨጓራ ደህና ነበር። አንጀት ጋ ስትደርስ ግን ትንሹ አንጀት አጭር፣ ትልቁ አንጀት ረጅም ነው አለች፤ ሥዕሏም እንደዚያው ነው። ከዐሥር ዓመት በላይ ያስተማርኩት ነገር ነው፤ አፌ ራሱ ተከፈተ። ቶማስ ክንዴን ያዘኝ። "ስትጨርስ" አለኝ በሹክሹክታ።

ሳትጨርስ አያቷ እንዝርቷን አቆመች። ሥዕሉን አይታ በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ እጆቿን ዘርግታ፣ ስባ፣ ስባ፣ እንደገና ስባ አሳየች። ልጆቹ ሳቁ። ምሕረት ግድግዳውን አየች፣ አያቷን አየች።

"በመስቀል በሬ ሲታረድ ቀጭኑ አንጀት አያልቅም ትላለች" ብላ ተረጎመች። "ስሙ ትንሽ የተባለው በቅጥነቱ ነው ማለት ነው።" በእጅጌዋ አጠፋችው፤ ቀጭኑን አርዝማ፣ አጠማዝማ፣ በትክክል ሣለችው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ በሁለት ክፍለ ጊዜ የማስረዳውን ነገር አያቷ ከእንዝርት ሳይነሱ ጨረሱት። አሁን "አንቱ" ማለቴን ልብ በሉልኝ።

ምሕረት ከሰሉን አስቀመጠች፤ እጇን አራገፈች።

"ጥያቄ ያለው?" አለች።

የእውነት ጥያቄ ነበረኝ። ይቅርታ ማለት ነበር የፈለግሁት፤ እንዴት እንደሚባል ግን በዘጠኝ ልጅና በአንዲት አያት ፊት አላወቅሁትም። እጄን አወጣሁ። ምሕረት አየችኝ።

"ሌላስ?" አለች።

እጄን አላወረድኩም። ተራዬን እየጠበቅሁ እዚያው ተቀመጥኩ።